የመብላት ቀኖና

ልጆቹ «እማማ፣ የቄስ አለነን ነገር ንገሪን» ብለው ከያዙኝ ሰነበቱ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ስለናት ትጽፋለች። ወሬዬ ከመንገድ ወጣ ሲል እሷ ትመልሰኛለች፤ ባትመልሰኝም ግድ የለም፣ ዞሬ ዞሬ መምጣቴ አይቀርም። ከፊቷ በሶ በጥብጬ አስቀምጬላታለሁ። እየጠጣች ትጽፋለች ተባብለናል።

ቄስ አለነ ያረፉት ባለፈው ክረምት፣ ገብሱ ገና እሸት ሳይዝ ነው። እኔ ከጓሮ ጎመን እየቀነጠስኩ ሳለ የማርያም ደወል ያለሰዓቱ ተደወለ። ጎመኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። ጥቂት ቆይታ ልጄ ትርንጎ ከላይ ሰፈር እየሮጠች መጣች፤ ነጠላዋን እንኳ አልደረበችም።

«እማዬ፣ አባቴ ሞቱ» አለች።

የወለዳት አባቷ የሞተው ገና ጡት ሳትጥል ነው። አባቴ የምትለው የነፍስ አባቷን፣ ቄስ አለነን ነበር።

ልጆቹ ነገሩን አሁን የጠየቁኝ በስለናት ምክንያት ነው። «ጻፊው፣ አትደብቂ» ብያታለሁ። ስለናት የትርንጎ የበኩር ልጅ ናት፤ ንፋስ መውጫ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች። በስልክ የምታያቸውን ቀጫጭን ልጆች ልምሰል ብላ «ዳየት ይዣለሁ» ትለናለች። የላክንላት ስንቅ ሳይፈታ ይመለሳል። ጠዋት ጠዋት ሜዳ ላይ ትሮጣለች፣ ማታ አንድ ቲማቲም ቆርጣ ትበላለች። ለገና ስትመጣ አቀፍኳትና ክንዴ ባዶ ያቀፈ መሰለኝ። ለካ የወር አበባዋ ከቆመ ወራት አልፎታል። ለእናቷ ሳትናገር ጤና ጣቢያ ሄዳ ኖሮ፣ መርምረው «ክብደትሽ በጣም ወርዷል፤ መጀመሪያ ብዪ፣ ሩጫውንም ቀንሺ» ብለው ሰደዷት።

«ምግብና የወር አበባ ምን አገናኛቸው እማማ?» አለችኝ።

«ይህን እናትሽም ጠይቃው ነበር» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ንገሪን ማለቱን አልተዉኝም።

ቄስ አለነ ወፍራም ነበሩ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ያስፈልጋል። ዝክር ላይ እሳቸው ከተቀመጡ እንጀራ መጨመሩ አይቀርም። ዲያቆናቱ «አባ ሲባርኩት መሶቡ ይቀላል» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸውም «ባዶ ካላደረግሁት መባረኩን በምን ታውቃላችሁ?» ብለው ይመልሳሉ። ሊናገሩ ሲሉ ጥምጥማቸውን በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ ገፋ ያደርጋሉ። ያን ሲያደርጉ ካየን ሁላችንም ዝም እንላለን።

ቃላቸው ደግሞ አንድ ነበረች፦ «መጀመሪያ ቁጭ፤ ቁጣው አያመልጠንም።» አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች በእርሻ ድንበር ተጣልተው ዱላ ተማዘዙ። ቄስ አለነ መጥተው ድንበሩ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። «እስቲ ቁጭ በሉና እንቆጣ» አሉ። አንዱ ተቀመጠ፣ ሌላውም ተቀመጠ። «ኮረፌ የለም እንዴ እዚህ አገር?» አሉ ቀጥለው። ኮረፌው መጣ፣ ተጠጣ፤ ቁጣውን ማንም አላስታወሰው። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ቆይ፣ ወዴት ነበርኩ? አዎ፣ ወደ ጥዱ።

የኛ ማርያም ከገደሉ አፋፍ ላይ ናት። ከቅጥሩ በር ውጭ አንድ ትልቅ ጥድ አለ። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ቅጥር ስለማትገባ ከዚያ ጥድ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። ማንም ምንም አይላትም፤ ግን ሁሉም ያያል። ባለትዳር ሴት ከጥዱ ሥር ከጠፋች ጎረቤት ወሬ አያስፈልገውም፤ ጸንሳለች ማለት ነው። ሴቶቹ አጠገቧ ሲያልፉ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይሏታል።

ትርንጎን ለስጦታው ዳርኳት። ስጦታው ደግ ገበሬ ነው፤ እናቱ ግን ዓይናቸው ከጥዱ አይነቀልም ነበር። ትርንጎ በየወሩ ቆመች። ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት መጣ፣ አሁንም ቆመች። «ምራቴ ጥዱን ተከለችው እንዴ?» ይላሉ አማቷ፣ እኔ እየሰማሁ።

ከዚያ ድንገት ከጥዱ ሥር ጠፋች።

ምን ልበላችሁ! አማቷ የገንፎ ገብስ አስፈተጉ፣ አስፈጩ። እኔ ቅቤ አነጠርኩ። ትርንጎ ግን እንኳን ደስ አለሽ ስትባል አንገቷን ትደፋለች። እኛ ዓይናፋርነት መሰለን። ወሩ ገፋ፣ ሆድ የለም። ሌላም ወር ገፋ። የገንፎው ዱቄት ነቀዘ።

ያኔ ሹክሹክታው ተገለበጠ። አልጸነሰችም፣ ከጥዱ ሥርም አትቆምም፤ እንግዲያው በግዳጇ፣ በወር አበባዋ ጊዜ፣ ቅጥር እየገባች ነው ተባለ። በኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ዓመት በረዶ ባቄላውን መትቶት ነበርና በረዶውም የእሷ ሆነ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አማቷ በሰው ፊት ወደ ቄስ አለነ ቀረቡ።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ምራቴ ቅጥሩን እያረከሰች ነው።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ማን አየ?»

«ከጥዱ ሥር ቆማ የሚያያት የለማ!»

ቄስ አለነ ጥምጥማቸውን ገፋ አደረጉ። «እኔም ከጥዱ ሥር ቆሜ አላውቅም» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አማቷ ግን አልሳቁም። «አባ፣ ልጄ ዘር ያስፈልገዋል። እስከ ሚያዝያ እታገሣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አጭለታለሁ» አሉ። ስጦታው መሬት መሬቱን ያያል። ትርንጎ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ሰምታለች። ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ሳበች።

ቄስ አለነ እኔን ወደ ዳር ጠሩኝ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ጸነሰች ወይ?» ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ ሌላ ነው።

«ልጅሽ ምን ትበላለች?»

«እኔ ምን አውቄ አባ፣ በባሏ ቤት ናት።»

«ሂጂና ሰንብተሽ እዪ» አሉኝ።

ሄጄ ሰነበትኩ፤ አየሁም። ትርንጎ ዶሮ ሲጮህ ተነስታ ከገደሉ ሥር ውኃ ትቀዳለች። በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ትወጣለች፣ ትፈጫለች፣ አረም ትወርዳለች። በገበያ ቀን ባቄላ ተሸክማ አርብ ገበያ ከተማ ደርሳ ትመለሳለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው በባዶ ሆዷ ነው። ማታ አንድ እፍኝ ቆሎና ደረቅ እንጀራ ትቀምስና ትተኛለች። ገላዋን ስትታጠብ ጀርባዋን አሸት ባደርግላት አጥንቷ እጄን ወጋኝ።

«ምነው ልጄ? እህል ጠላሽ?»

«ስለት አለብኝ እማዬ» አለችኝ።

ለካ ልጅ አልመጣ ሲላት ታቦት ፊት ተስላለች። «እስክወልድ፣ የወለድኩትም በእግሩ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ፀሐይ ሳይጠልቅ እህል አልቀምስም፤ ወተትና ቅቤም አፌ አይገባም» ብላ። ከተሳለች ወዲህ የወር አበባዋ መጀመሪያ አነሰ፣ ከዚያ ወር ዘለለ፣ ከዚያ ጭራሹን ቆመ። እሷ ግን «እመቤቴ ልትሰማኝ ነው» ብላ ጾሙን አጠበቀችው። ልጅ ፍለጋ የዘጋችው አፍ ልጁ የሚመጣበትን በር እየዘጋባት ነበር። ያኔ ይህን ማናችን አወቅነው?

ለቄስ አለነ ነገርኳቸው። «መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። እዚያ የሚሏችሁን ይዛችሁ ኑ» አሉኝ።

አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ ወረድን። አግዳሚው ላይ አንዲት ደልደል ያለች የከተማ ሴት አጠገባችን ነበረች፤ ሱቅ አላት አሉ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ የምትውል። ሰው ሲበዛ ወረፋው ይረዝማልና ወሬ ጀመርን። የእሷም የወር አበባ ሁለት ወር ጠፍቶ በሦስተኛው ይጎርፋል። ከወፈረች ወዲህ የመጣ ነገር መሆኑን ነግረዋት ኖሯል።

«ተራመጂ፣ ጣፋጩን ተይ አሉኝ» አለች። ትርንጎን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «እቴ፣ ከዚህ ከጎኔ ቆርሼ በሰጠሁሽ! ሁለታችንም እንድን ነበር» አለቻት። ትርንጎ ያን ጊዜ ስትስቅ አየኋት። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ሲስተሯ ትርንጎን መዘነቻት፣ ሽንቷን መረመረች፣ ምን እንደምትበላና ምን እንደምትሠራ ጠየቀቻት። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ እንዲህ አለች፦ «ሰውነት እህል ሲያጥረው፣ ድካም ሲበዛበት ይቆጥባል። ልብሽን አያቆምም፣ መተንፈስሽንም አያቆምም። የሚያቆመው ይህን ነው። ልጅ የምሸከምበት አቅም የለኝም ማለቱ ነው። ስብ ከልክ ሲያልፍም ይዛባል፣ ጭንቀትም ያዛባዋል። አንቺ ግን ብዪ፣ ሸክም ቀንሺ፣ እረፊ። በልተሽም ካልተመለሰ ሌላ ምክንያት ሊኖር ስለሚችል ደብረ ታቦር ሆስፒታል እልክሻለሁ።»

«ምግብና ይህ ምን አገናኛቸው?» ያለችው ያኔ ነው፣ ስለናት፣ እናትሽ። ጻፊው። በሶውንም ቅመሺ እንጂ፣ ዝንብ ሊገባበት ነው።

ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ትርንጎ ቆመች። «እማዬ፣ ሲስተሯ እውነቷን ነው። እኔ ግን አልበላም። ታቦት ፊት የተናገርኩትን አላጥፍም» አለች። ለመንኳት፣ አለቀስኩ። ልጄ ግትር ናት፤ ከማን እንደወረሰችው አልናገርም።

እንደገና ቄስ አለነ ዘንድ ሄድን። ከቤታቸው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ይጠግኑ ነበር። ሁሉን ሰሙ።

«በሃምሳውም ጾመሻል?» አሏት።

«በሃምሳውም፣ አባቴ።»

«ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም። ሥርዓት አፍርሰሻል። ቀኖና ብሰጥሽ ትቀበያለሽ?»

ትርንጎ ስግደት መሰላት። መሬት ተደፍታ «እቀበላለሁ» አለች።

«እንግዲያው ስሚ። ጠዋት ሳትበዪ ከቤት እንዳትወጪ። ቀን ብዪ፣ ማታም ብዪ። በፍስክ ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ ቅቤውን አትለፊ። የቤተ ክርስቲያን ጾም ሲገባም እስክትጠነክሪ ሰዓት አትጠብቂ፤ ሽሮውን፣ ተልባውን፣ ስልጆውን ጥገቢ። ውኃውን ስጦታው በአህያ ያምጣ። ይህ ቀኖናሽ ነው፤ አንዱን ብታጎድዪ ንስሐ ትገቢበታለሽ።»

ትርንጎ ቀና አለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «አባቴ፣ ይህ ቀኖና ነው?»

«ከባዱን ነው የሰጠሁሽ።»

«ስለቴስ? እስክወልድና ልጄ በእግሩ እስኪሄድ ብያለሁ እኮ።»

ቄስ አለነ ጥምጥማቸውን ገፋ አደረጉና መዳፋቸውን ዘረጉላት። «እዚህ ላይ አስቀምጪልኝ» አሉ። ትርንጎ ግራ ገብቷት ባዶ እጇን መዳፋቸው ላይ አኖረች። እሳቸው ጨበጥ አደረጓትና «በቃ። ከእመቤቴ ጋር እኔ እነጋገራለሁ» አሉ። እኛ የማጽናኛ ንግግር ነው ብለን ተመለስን።

ለአማቷም ሄደው «እስከ ሚያዝያ ያልሺውን እስከ መኸር አድርጊልኝ» ብለው ለመኑላት። እሺ አሉ፣ እያጉረመረሙ። ስጦታው አህያውን ጭኖ ውኃ ሲያመላልስ ወንዶቹ «ስጦታው፣ ሹሩባውን መቼ ትሠራለህ?» ይሉታል። እሱም «አህያዬ ስትሠራ አብረን እንሠራለን» ይላል። ትርንጎ በላች። መጀመሪያ እንደ መድኃኒት፣ ዓይኗን ጨፍና፤ ኋላ እየለመደች። ጉንጯ ሞላ። የክንዷ አጥንት ሥጋ ለበሰ። ክረምቱ ገባ፣ ወጣም። ከጥዱ ሥር ግን የለችም። እኔ እየፈራሁ መኸሩን መቁጠር ጀመርኩ።

በጽጌ አንድ እሑድ ቅዳሴ ዘግይቼ ደረስኩ። ቀና ስል ትርንጎ ከጥዱ ሥር ቆማለች። ብቻዋን፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ግንዱን ተደግፋ። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የቆመ ሰው እንዲያ ሲያበራ አይቼ አላውቅም። አልጮህኩም፤ ቦታው አይደለም። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ፤ እኔ መግባት ስችል ከውጭ አስቀደስኩ። አማቷ በበሩ ሲያልፉ አይተዋት ቆም አሉ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ገቡ። ቅዳሴ ሲያልቅ ቄስ አለነ ወጡ፣ መስቀላቸውን ከቅጥሩ ውስጥ ሆነው ወደ እሷ አነሱ። ትንሽ ቆመው ጥምጥማቸውን ገፋ አደረጉና ሄዱ።

በቀጣዩ ዓመት ስለናት ተወለደች።

አሁን ወደ ቄስ አለነ ልመለስ። ትርንጎ ስትወፍር እሳቸው ከሱ። ቀሚሳቸው ሰፋባቸው። ዝክር ላይ ድርሻቸውን ለሌላ ያሳልፋሉ። «ጨጓራዬ ነው» ይላሉ። ዲያቆናቱ «አባ፣ ያን ሆድ ለማን አከራዩት?» ሲሏቸው «ለጥሩ ተከራይ ሰጥቼዋለሁ» ብለው ይስቃሉ። እኔም ጤና አዳም፣ የተልባ ውኃ ይዤላቸው ሄጄ ነበር። «ማታ እጠጣዋለሁ» አሉኝ። ባገኙኝ ቁጥር ደግሞ «ልጅቷ ቆመች?» ይሉኛል። «ኧረ አባ፣ ገና መቀመጧ ነው» እላለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ቆመች ወይ?» «ግድግዳ ይዛ» እላለሁ። ልጅ ወዳጅነታቸው ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

በጥር፣ ከአስተርእዮ ማርያም በኋላ፣ አንድ ረፋድ ከቤቴ ተቀምጠው ነበር። ትርንጎም ልጇን ይዛ መጥታለች። ስለናት የቄሱን መቋሚያ ይዛ ቆማ ቆማ፣ ለቀቀችውና ሄደች። ከመቋሚያው እስከ እናቷ ጉልበት። እልል አልን። ቄስ አለነ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

«በሉ፣ እህል አምጡ» አሉ።

እንቁላል በቅቤ ሠርቼ አቀረብኩ። በሉ። ጨምሩ አሉ፣ ጨመርን። እንጀራው አለቀ፣ ከጎረቤት ተበደርን። «ጨጓራዎስ አባ?» ብላቸው «ዛሬ ለቀቀኝ» አሉ። በሳቅ ሞትን።

ይህን ሁሉ ዓመት የማውቀው እስከዚህ ድረስ ነበር። ከዚህ ወዲያ ያለውን ስለናትም ዛሬ ነው የምትሰማው። በሶው አልቋል፤ ጎበዝ።

በቄስ አለነ አርባ ቀን፣ ከድንኳኑ ኋላ ከባለቤታቸው ከእትዬ የሽወርቅ ጋር ምስር እንለቅም ነበር። ትርንጎ እንጀራ ተሸክማ አለፈች። እትዬ የሽወርቅ በዓይናቸው ተከተሏትና «ዛሬ ቁርስ በልታለች?» አሉኝ።

«በልታለች። ምነው?»

«አለነ ሁልጊዜ ይህን ነበር የሚጠይቀኝ» አሉ። «ያን ዕለት ቀኖናውን ሰጥቷት እንደገባ ምሳ ባቀርብለት አንሺው፣ እስከ ማታ አልበላም አለኝ። የትርንጎን ስለት ተቀብያለሁ፤ ልጇ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ የኔ ነው አለኝ። አንተ ሰው፣ ልትሞት ነው ወይ ስለው፣ እኔ ብከሳ የሚቆምብኝ ነገር የለም አለና ሳቀ። ለእሷ እንዳትነግሪ፣ ካወቀች እህሉ አይወርድላትም ብሎ አስማለኝ።»

«ጨጓራቸውስ?» አልኳቸው።

«የምን ጨጓራ?» አሉ እትዬ የሽወርቅ። «አለነ ዕድሜውን ሙሉ ሆዱን አሞት አያውቅም።»